አሮጌ ላፕቶፕን ሰርቨር ማድረግ፦ መጫኑና ሳይተኛ ማቆየቱ

«ቤት ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ላፕቶፕ አለኝ። ሰርቨር ላደርገው እችላለሁ?» ይህን ጥያቄ አዳማ ውስጥ ከተለያየ ሰው እሰማለሁ። ሰርቨር ማለት ለሌሎች ኮምፒውተሮች ፋይልና አገልግሎት የሚያቀርብ ማሽን ነው። ፖስታ ቤት አካባቢ ኅትመትና ፎቶ ኮፒ የሚሠራ ሰው በኮምፒውተሮቹ መካከል ፋይል በፍላሽ ማመላለስ ሰልችቶታል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ የመመረቂያ ፕሮጀክቷን የምታስኬድበት ማሽን ትፈልጋለች። የአይሲቲ መምህሩ ደግሞ ማስታወሻና መልመጃ ለሁሉም ክፍል ከአንድ ቦታ ማዳረስ ይፈልጋል። ለሁሉም መልሱ «ይቻላል» ነው። አሠራሩን እዚህ በዝርዝር አስቀምጬዋለሁ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልብ በሉ። ሲስተሙን መጫን ቀላሉ ሥራ ነው። ላፕቶፕ የተሠራው ፊቱ ለሚቀመጥ ሰው ነው። ክዳኑ ሲዘጋ ይተኛል፤ ባትሪው ሲያልቅ ሰው ቻርጀር ይሰካለታል፤ ሲሞቅ ሰው ያነሳዋል። ሰርቨር ግን ማንም ሳያየው ሌት ተቀን መሥራት አለበት። ስለዚህ ከጭነቱ ይልቅ ክዳኑ፣ ባትሪው፣ መብራቱና ሙቀቱ ላይ ብዙ እቆያለሁ።

የምንጭነው ኡቡንቱ ሰርቨር 24.04 የሚባለውን የሊኑክስ ሲስተም ነው። ነጻ ነው፤ መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያውም እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይቀጥላል። «ዊንዶውስ ሰርቨርስ?» የሚሉ አሉ። የሙከራው እትም 180 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ፈቃድ መግዛት ግድ ነው። እስከ 2022 ባሉት እትሞች ላፕቶፕ ላይ ዋይፋዩ እንዲሠራ እንኳ ለብቻው የሚጨመር ፊቸር አለ። ለመማሪያ ካልሆነ አልመክረውም።

ስለ ትዕዛዞቹ፦ ከዚህ በታች እንደሚነበቡ ጽፌአቸዋለሁ። ስትተይቡ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ለይቼ ካልነገርኳችሁ በስተቀር ሁሉም በትንሹ ፊደል። ፊት ላይ የሚመጣው «ሱዶ» ትዕዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬድ ቃል ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር ላፕቶፕ። ራሙ 4 ጊጋ ቢሆን ይመረጣል፤ ለፋይል መጋሪያ ብቻ ከሆነ 2 ጊጋም ያስኬዳል። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ቢሆንም ችግር የለም፤ ለጭነቱ ቀን የውጭ ስክሪን ታገናኙለታላችሁ።
- የራሱ ቻርጀር። ዋቱ ያነሰ ቻርጀር ባትሪውን እየበላ ይሠራና በመጨረሻ ማሽኑን ያጠፋዋል።
- ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል።
- ፍላሹን የምታዘጋጁበት ሌላ ኮምፒውተር።
- ራውተርና የኔትወርክ ገመድ። ላፕቶፑ የገመድ መሰኪያ ከሌለው ከዩኤስቢ ወደ ኔትወርክ የሚቀይር አዳፕተር።
- ኃይል ሲዛባ የሚከላከል ዲቫይደር ወይም ስታብላይዘር።
- ለራውተሩ የሚሆን አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ)። ለምን እንደሚያስፈልግ ደረጃ 9 ላይ ታገኙታላችሁ።
- ለመጠባበቂያ ቅጂ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ።

ማስጠንቀቂያ

ጭነቱ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ያጸዳዋል። ፎቶም ሰነድም ካለ አስቀድማችሁ አውጡ፤ ማውጣታችሁንም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ አረጋግጡ።

ባትሪው ያበጠ ከሆነ ምንም አትጀምሩ። ምልክቱ ይታያል፦ ታችፓዱ ከፍ ይላል፣ ኪቦርዱ መሃሉ ላይ ይጎብጣል፣ ላፕቶፑ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ይወዛወዛል። ያበጠ የሊቲየም ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። አትጫኑት፣ አትውጉት፣ ቻርጅ አታድርጉት። ባለሙያ ያውጣላችሁ። ያለ ባትሪ በቻርጀር ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ ሰርቨር መሆን ይችላል፤ ግን እሱም እንደ ዴስክቶፕ ዩፒኤስ ያስፈልገዋል።

ደረጃዎቹ

1. ፍላሹን አዘጋጁ። የኡቡንቱ ሰርቨርን ፋይል ከኡቡንቱ ድረ ገጽ አውርዱ። ወደ 3 ጊጋ ስለሚጠጋ ከሰው በፍላሽ ብትቀበሉትም ነውር የለውም። ነገር ግን የቁጥጥር ቁጥሩን ሳታረጋግጡ አትጠቀሙበት። ሩፈስ የሚባለውን ፕሮግራም ዊንዶውስ ላይ ክፈቱ፣ ፋይሉን ምረጡ፣ አጠገቡ ያለችውን የራይት ምልክት ተጫኑ። የቁጥጥር ቁጥሩን (ሻ 256) ያሰላላችኋል። ኡቡንቱ ካወጣው ቁጥር ጋር አንድ ካልሆነ ፋይሉ ተቆርጧል ወይም ተነካክቷል። ግማሽ የወረደ ፋይል ብዙ ጊዜ ይነሳል፤ ጭነቱ መሃል ላይ ሲደርስ ነው የሚቆመው፤ ያኔ ዊንዶውሱም ጠፍቷል።

ቁጥሩ ከተስማማ «ስታርት» በሉ። ሩፈስ በየትኛው መንገድ ልጻፍ ብሎ ሲጠይቅ የሚመክረውን ተቀበሉ። በዚያ ፍላሹ አልነሳ ካለ ደግማችሁ በ«ዲዲ» ጻፉት።

2. ባዮሱን (ሲስተሙ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተውን የማሽኑን ቅንብር ገጽ) አስተካክሉ። ላፕቶፑን ስታበሩ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 የማስነሻ ዝርዝሩን ያወጣል። ፍላሹን ከመምረጣችሁ በፊት ግን ወደ ባዮስ ገብታችሁ ሁለት ነገር ተመልከቱ።

አንደኛው የዲስኩ ሁኔታ ነው። «ሬይድ» ወይም «አርኤስቲ» የሚል ከሆነ ወደ «ኤኤችሲአይ» ቀይሩት። አለበለዚያ ጫኙ ዲስኩን ላያየው ይችላል።

ሁለተኛው፣ ቻርጀር ሲሰካ ወይም መብራት ሲመጣ ማሽኑ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርገው ምርጫ ነው። ዴል ላይ «ዌክ ኦን ኤሲ»፣ ቲንክፓድ ላይ «ፓወር ኦን ዊዝ ኤሲ አታች» ይባላል። ካለ አብሩት። ሌሊት መብራት ረጅም ሰዓት ጠፍቶ ባትሪው ካለቀ፣ መብራት ሲመለስ የሚያበራው ሰው ላይኖር ይችላል። ይህ ምርጫ የሌላቸው ላፕቶፖች አሉ፤ የእናንተ እንደዚያ ከሆነ ጠዋት በእጅ ማብራት የእናንተ ሥራ ይሆናል።

3. ጫኑ። የኔትወርክ ገመዱን ሰክታችሁ ጀምሩ። ገመድ ከሌለ የስልካችሁን ኢንተርኔት በዩኤስቢ ገመድ አጋሩት፤ ጫኙ እንደ ኔትወርክ ያየዋል። ዋይፋይ ላይ አትመኩ፤ አንዳንድ ካርዶች ድራይቨራቸው የሚገኘው ከጭነት በኋላ ነው።

ቋንቋውን እንግሊዝኛ አድርጉት። ችግር ሲያጋጥም የስህተቱን መልእክት ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ መፍትሔ የምታገኙት በእንግሊዝኛ ነው።

ዲስክ የሚለው ገጽ ላይ ቀስ በሉ። ሙሉ ዲስኩን ተጠቀም የሚለውን ምረጡ። ከሥሩ ያለውን የ«ኤልቪኤም» (የዲስክ ክፍሎችን መጠን በኋላ ለመለዋወጥ የሚያስችል ዘዴ) ምልክት አንሱት። ምልክቱ ካለ ጫኙ ከ500 ጊጋ ዲስክ ላይ ለሲስተሙ የሚሰጠው 100 ጊጋ ብቻ ነው፤ ቀሪው ሳይመደብ ይቀመጣል። «ዲስኬ የት ሄደ?» የሚለው ጥያቄ ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። ኤልቪኤም መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ለአንድ ዲስክ ላፕቶፕ ጥቅሙ ትንሽ ስለሆነ ነው። ዲስኩን በይለፍ ቃል ማመስጠርም ለዚህ ማሽን አይሆንም፤ በተነሳ ቁጥር ኪቦርዱ ላይ ሰው እስኪጽፍለት ይጠብቃል።

ስምና የይለፍ ቃል ትሰጣላችሁ። የሰርቨሩን ስም አጭርና ያለ ክፍት ቦታ አድርጉት። ኡቡንቱ ፕሮ የሚለውን እለፉት። «ኦፕን ኤስኤስኤች ሰርቨር ጫን» የሚለው ላይ ግን ምልክት አድርጉ፤ ከሌላ ኮምፒውተር የምትገቡበት በር እሱ ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን የተጨማሪ ፕሮግራሞች ዝርዝር ምንም ሳትነኩ እለፉ። ሲጨርስ ፍላሹን ነቅላችሁ አስነሱት። የሚመጣላችሁ ጥቁር ስክሪንና ስም የሚጠይቅ መስመር ነው፤ ትክክል ነው፣ ሰርቨር ማውስ የለውም።

4. ሰዓቱን አስተካክሉ። አዲስ የተጫነ ኡቡንቱ ሰርቨር የሚሠራው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ብላችሁ ክፍት ቦታ፣ ቀጥሎ ሴት-ታይምዞን፣ ቀጥሎ አፍሪካ፣ ዘንባላ መስመር (/)፣ አዲስ አበባ ጻፉ። አዲስና አበባ የሚያያዙት በታች ሰረዝ ነው፤ የሦስቱም ቃላት የመጀመሪያ ፊደል ትልቅ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሰርቨሩ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ለማንበብ 6 ቀንሱ፤ ቁጥሩ ከ7 በታች ከሆነ ግን 6 ጨምሩ፤ ውጤቱ ከ12 ካለፈ 12 ቀንሱለት። መዝገቡ ላይ 14:00 ካለ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲሠራ የምትፈልጉትን ነገር 2 ብላችሁ ታዝዛላችሁ። 8 ብላችሁ ከጻፋችሁ ሥራው የሚጀምረው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ነው፤ ሱቁ ሲከፈት ማለት ነው።

ላፕቶፑ በተነሳ ቁጥር ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ የማዘርቦርዱ ትንሿ ባትሪ ሞታለች። አስቀይሯት። ሰዓቱ የተሳሳተ ማሽን አፕዴት ማድረግ አይችልም፤ የመጣለትን ፋይል «ገና ጊዜው አልደረሰም» ብሎ ይመልሰዋል።

5. አፕዴት አድርጉ። ሱዶ አፕት አፕዴት፣ ከዚያ ሱዶ አፕት አፕግሬድ። የመጀመሪያው ዙር ብዙ ያወርዳል፤ የሞባይል ጥቅል የምትጠቀሙ ከሆነ ይህን አስቡበት። ከዚህ በኋላ የደኅንነት ማሻሻያዎችን ሰርቨሩ በራሱ ያስገባል፤ አታጥፉት።

6. ክዳኑን ዝጉና እንዳይተኛ አድርጉ። ይህ ደረጃ ከቀረ ሰርቨር የላችሁም። ክዳኑ ሲዘጋ ማሽኑ ይተኛል፤ ሁሉም ግንኙነት ይቋረጣል።

ሱዶ ናኖ (የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ነው) ብላችሁ የቅንብር ፋይሎች በሚቀመጡበት ኢቲሲ ውስጥ፣ ሲስተምዲ በሚባለው ፎልደር ያለውን ሎጊንዲ ነጥብ ኮንፍ የሚባል ፋይል ክፈቱ። «ሀንድል ሊድ ስዊች» ብለው የሚጀምሩ ሦስት መስመሮች ታገኛላችሁ፦ አንዱ ለባትሪ፣ አንዱ ቻርጀር ሲሰካ፣ አንዱ ዶክ ላይ ሲሆን። ከሦስቱም ፊት ያለውን የመሰላል ምልክት (#) አጥፉ። ምልክቱ ካለ መስመሩ እንደ ማስታወሻ ይቆጠራል እንጂ አይሠራም። ከእኩል ምልክቱ በኋላ ያለውን ሁሉ «ኢግኖር» አድርጉ። አስቀምጣችሁ ለመውጣት ኮንትሮል ኦ፣ ኢንተር፣ ኮንትሮል ኤክስ፤ ከዚያ ሱዶ ሪቡት።

ለእርግጠኝነት መተኛትን ከሥሩ ዝጉት፦ ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ማስክ ብላችሁ ስሊፕ፣ ሰስፔንድ፣ ሃይበርኔት እና ሃይብሪድ-ስሊፕ የሚሉትን በተከታታይ ጻፉ። እያንዳንዱ መጨረሻው ላይ ነጥብ ታርጌት ይጨመርበታል።

አሁን ፈትኑት። ክዳኑን ዝጉ፣ ከሌላ ኮምፒውተር ፒንግ አድርጉት (ማሽኑ መልስ ይሰጥ እንደሆነ የሚሞክር ትዕዛዝ ነው)፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ቀጥሎ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ያንኑ ድገሙ። ሁለቱንም ፈትኑ፤ ቻርጀር ላይ ሆኖ የማይተኛው ማሽን መብራት በጠፋ ደቂቃ ሊተኛ ይችላል።

ክዳኑ ተዘግቶ ስክሪኑ ውስጥ ሲበራ የሚቆይበት ላፕቶፕም አለ። ሙቀት ነው፣ ለስክሪኑም ጉዳት ነው። ኢቲሲ ውስጥ ዲፎልት ፎልደር ያለውን ግረብ የሚባል ፋይል ክፈቱ። «ግረብ ሲኤምዲላይን ሊኑክስ ዲፎልት» በሚለው መስመር፣ በጥቅሱ ውስጥ ኮንሶልብላንክ=60 ጨምሩ። ከዚያ ሱዶ አፕዴት-ግረብ፣ ከዚያ ሪቡት። ስክሪኑ ካልተነካ ከ60 ሰከንድ በኋላ ይጠፋል።

7. የማይለወጥ አድራሻ ስጡት። ራውተሩ አድራሻ የሚሰጠው በጊዜያዊነት ነው። ዛሬ 192.168.1.12 የነበረው ነገ 192.168.1.17 ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የሱቁ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፋይሉን ያጡታል። አይፒ ኤ ብላችሁ ጻፉ፤ ኢተር ከሚለው ቃል አጠገብ በሁለት ነጥብ (:) የተከፋፈለ ባለ 12 ፊደል ቁጥር አለ። ወደ ራውተሩ ገጽ ግቡና ዲኤችሲፒ በሚለው ሥር ያንን ቁጥር ከአንድ አድራሻ ጋር እሰሩት፤ ለምሳሌ 192.168.1.50። ሰርቨሩ ውስጥ ገብቶ በእጅ ማሰርም ይቻላል፤ የራውተሩ መንገድ የሚሻለው ራውተሩ ያንኑ አድራሻ ለሌላ ስልክ እንዳይሰጥ ስለሚያደርግ ነው።

8. ከሩቅ ግቡ፣ ግንቡንም አቁሙ። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላይ ፓወርሼል ክፈቱ። ኤስኤስኤች ብላችሁ ክፍት ቦታ፣ የተጠቃሚ ስማችሁ፣ የአት ምልክት፣ የሰርቨሩ አድራሻ። ከገባችሁ በኋላ ኪቦርዱንና ስክሪኑን መርሳት ትችላላችሁ።

ቀጥሎ ፋየርዎሉ፣ ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚያግደው ግንብ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ሱዶ ዩኤፍደብሊው አላው ኤስኤስኤች፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ሱዶ ዩኤፍደብሊው ኢኔብል። ብትገለብጡት ፋየርዎሉ እናንተኑ ውጭ ያስቀራችኋል፤ ላፕቶፑ ያለበት ድረስ መሄድ ግድ ይሆናል።

9. ባትሪውንና መብራቱን አስተካክሉ። ለእኛ አገር ላፕቶፕን ከዴስክቶፕ የሚያስመርጠው ባትሪው ነው፤ መብራት ሲጠፋ ማሽኑ አይጠፋም። ግን ሁልጊዜ 100 ፐርሰንት ተሞልቶ በሙቀት የሚቀመጥ የሊቲየም ባትሪ ቶሎ ያረጃል፣ ያብጣልም። መፍትሔው 80 ፐርሰንት ላይ መሙላት እንዲያቆም ማድረግ ነው። ብዙ የዴል የቢሮ ላፕቶፖች ባዮስ ውስጥ የመሙያ ገደብ አላቸው። ቲንክፓድ ከሆነ ቲኤልፒ የሚባለውን ፕሮግራም በሱዶ አፕት ኢንስቶል አስገቡ። ኢቲሲ ውስጥ ያለውን የቲኤልፒ ኮንፍ ፋይል ከፍታችሁ «ስታርት ቻርጅ» እና «ስቶፕ ቻርጅ» ከሚሉት፣ መጨረሻቸው ላይ ባት 0 ካላቸው መስመሮች ፊት የመሰላሉን ምልክት አንሱ። 75 እና 80 አድርጓቸው። ገደብ የሌለው ላፕቶፕ ከሆነ በየወሩ ባትሪውን በዓይናችሁ እዩት።

ባትሪው ሊያልቅ ሲል ደግሞ ሰርቨሩ በሥርዓት መጥፋት አለበት። ድንገት የሚቋረጥ ዲስክ ፋይል ያበላሻል። ሱዶ አፕት ኢንስቶል ዩፓወር። ከዚያ ኢቲሲ ውስጥ ዩፓወር ፎልደር ያለውን ዩፓወር ኮንፍ ክፈቱ፤ የፎልደሩም የፋይሉም ስም ሲጻፍ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ትልልቅ ናቸው። ፐርሰንቴጅ ሎው 30፣ ፐርሰንቴጅ ክሪቲካል 20፣ ፐርሰንቴጅ አክሽን 10 አድርጉ። ከላይ ወደ ታች መቀነስ አለባቸው፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ፕሮግራሙ የእናንተን ቁጥር ትቶ የራሱን ይጠቀማል። «ክሪቲካል ፓወር አክሽን» የሚለውን ፓወርኦፍ በሉት፤ ሲጻፍ ፒና ኦ ትልልቅ ናቸው። ነባሩ ምርጫ ሃይብሪድ ስሊፕ ነው፤ እኛ ግን ደረጃ 6 ላይ ዘግተነዋል፤ ካልቀየራችሁት ማሽኑ በዚያ መንገድ ማረፍ አይችልም። በመጨረሻ ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ኢኔብል ዩፓወር ብላችሁ ሪቡት አድርጉ።

አሁን ራውተሩ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ራውተሩ ግን ወዲያው ይጠፋል። ሰርቨሩ በሕይወት እያለ ማንም አያገኘውም። ለዚህ ነው አነስተኛ ዩፒኤስ ያልኳችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት የራውተሩን አዳፕተር ገልብጣችሁ አንብቡ፤ 12 ቮልት ነው ወይስ 9? የማይስማማ ቮልት ራውተሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

መብራት ተመልሶ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ከፍና ዝቅ እያለ ነው የሚመጣው። ቻርጀሩን በቀጥታ ግድግዳ ላይ አትሰኩት፤ በስታብላይዘር ይሁን።

10. ሙቀቱንና አቧራውን ተቆጣጠሩ። አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፤ ከተማዋ ዙሪያ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ነፋሱ ስላለ ነው። ያ ነፋስ ደረቅ ወራት ላይ አቧራ ይዞ ቤት ይገባል። ሃያ አራት ሰዓት የሚዞር የላፕቶፕ ፋን ደግሞ ያንን አቧራ እየሳበ ሙቀት ማስወጫው ላይ ይለጥፈዋል።

ቦታ ስትመርጡ ከመስኮትና ከመንገድ ራቅ አድርጉት። መጋረጃ ሥር፣ ካርቶን ውስጥ፣ ሶፋ ላይ አይሁን። ከታች አየር እንዲገባ በአራት ማዕዘኑ ትንሽ ከፍ አድርጉት። ሙቀቱን በኪቦርዱ በኩል የሚያስወጣ ላፕቶፕ ከሆነ ክዳኑን ሙሉ በሙሉ አትዝጉት።

ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኤልኤም-ሴንሰርስ፣ ከዚያ ሴንሰርስ ብላችሁ ሙቀቱን አንብቡ። ሥራ ሳይኖርበት ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ከሆነ ጥሩ ነው። ያለ ሥራ ከ80 በላይ ከቆየ ፋኑ ተዘግቷል ወይም ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ቅባት ደርቋል። ስታጸዱ ማሽኑን በሱዶ ፓወርኦፍ አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ በነፋሻ ንፉ። ስትነፉ ፋኑ እንዳይሽከረከር በቀጭን እንጨት ያዙት፤ ያለ ልክ ከተሽከረከረ ይበላሻል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት ንባቡን ደጋግሙት።

ዲስኩም ይታይ። ስማርትሞንቱልስ የሚባለውን አስገብታችሁ በስማርትሲቲኤል ስታነቡት «ሪአሎኬትድ» እና «ፔንዲንግ» የሚሉት መስመሮች መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር 0 ቢሆን ይመረጣል። እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ ዲስኩ እየሞተ ነው። በኤስኤስዲ ቀይሩት።

11. ሥራ ስጡት፦ ፋይል መጋሪያ። ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሳምባ። ኤስአርቪ በሚባለው ቦታ አንድ ፎልደር ፍጠሩ፤ በቾውን ትዕዛዝ ባለቤትነቱን ለስማችሁ ስጡት፤ አለበለዚያ ማንበብ ይቻላል፣ መጻፍ ግን አይቻልም። ኢቲሲ ውስጥ ሳምባ ፎልደር ያለውን ኤስኤምቢ ኮንፍ ክፈቱና መጨረሻው ላይ አራት መስመር ጨምሩ፦ በማዕዘን ቅንፍ የመጋሪያው ስም፣ ፓዝ እኩል የፎልደሩ ቦታ፣ ሪድ ኦንሊ እኩል ኖ፣ ቫሊድ ዩዘርስ እኩል ስማችሁ።

ሱዶ ኤስኤምቢፓስደብሊውዲ ሰረዝ ኤ ብላችሁ ስማችሁን ጻፉ፣ የይለፍ ቃል ስጡ። ይህ ቃል ሰርቨሩ ውስጥ ከምትገቡበት የተለየ ነው። ኤስኤምቢዲን (የሳምባውን አገልግሎት) ሪስታርት አድርጉ። በዩኤፍደብሊውም ሳምባን ፍቀዱለት፤ እዚህ ላይ የሳምባ የመጀመሪያ ፊደል ትልቅ ነው። ዊንዶውስ ላይ ፎልደር ከፍታችሁ የአድራሻው ቦታ ላይ ሁለት ወደ ኋላ ያዘነበለ መስመርና 192.168.1.50 ጻፉ።

መጠባበቂያውን ዛሬውኑ ጀምሩት። አርሲንክ የሚባለው ፕሮግራም ፋይሉን ወደ ውጫዊው ዲስክ ይገለብጣል፤ ክሮንታብ (በሰዓታቸው የሚሠሩ ትዕዛዞች መዝገብ) ውስጥ 0 2 * * * ብላችሁ ካስቀመጣችሁት በየሌሊቱ 8 ሰዓት ይሠራል። ውጫዊውን ዲስክ ኤፍኤስታብ (ማሽኑ ሲነሳ የሚያያዙ ዲስኮች መዝገብ) ውስጥ ስትመዘግቡ «ኖፌይል» የሚለውን ቃል ጨምሩ። አለበለዚያ አንድ ቀን ዲስኩ ተነቅሎ ሳለ ሰርቨሩ አይነሳም።

12. ከውጭ መግባት ከፈለጋችሁ። ሁሉም ሰው አያስፈልገውም፤ ለሱቅና ለክፍል እስከ ደረጃ 11 ይበቃል። የምትፈልጉ ከሆነ ራውተሩ ገጽ ላይ ዋን በሚለው ሥር ያለውን አድራሻ እዩ። በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ የኢንተርኔት አቅራቢው አንድን አድራሻ ለብዙ ደንበኛ እያካፈለ ነው። ራውተሩ ላይ ፖርት ብትከፍቱም ከውጭ የሚመጣ ሰው አያገኛችሁም። የሞባይል ኢንተርኔት ላይ ይህ የተለመደ ነው።

ማሽኖቻችሁን በግል መረብ የሚያገናኘው ቴይልስኬል የሚባል ፕሮግራም ይህን ይፈታል፤ ለግል አገልግሎት ነጻ የሆነ ደረጃ አለው። ሰርቨሩም ስልካችሁም ላይ ጫኑት። ሱዶ ቴይልስኬል አፕ ስትሉ ሊንክ ይሰጣችኋል፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ በአንድ አካውንት ግቡ። አድራሻችሁ ለሁሉም ክፍት የሆነ ዓይነት ቢሆንም እንኳ የኤስኤስኤችን ፖርት 22 ራውተር ላይ አትክፈቱ። የይለፍ ቃል የሚሞክሩ ሮቦቶች ሳይውሉ ሳያድሩ ያገኙታል።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

- *ሲነሳ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆሞ ይቀራል።* የኔትወርክ ገመዱ ስላልተሰካ እየጠበቀ ነው። ገመዱን ስኩ። ሁልጊዜ በዋይፋይ የምትጠቀሙ ከሆነ ኔትፕላን በሚባለው የኔትወርክ ቅንብር ፋይል ውስጥ በገመዱ ሥር «ኦፕሽናል፦ ትሩ» ጨምሩ። በዚያ ፋይል ውስጥ ክፍተቱ በስፔስ እንጂ በታብ አይሆንም።
- *መጋሪያው የይለፍ ቃሉን አልቀበልም ይላል።* የገባው የሰርቨሩ ቃል ነው። የሳምባውን አስገቡ።
- *ሎጊንዲ ላይ ቀይሬ አሁንም ይተኛል።* የመሰላሉ ምልክት ቀርቷል፣ ወይም ሪቡት አልተደረገም።
- *ባትሪ 80 ላይ ቆመ፣ ተበላሸ?* ያስገባችሁት ገደብ ሥራውን እየሠራ ነው።
- *እንደገና ከጫንኩ በኋላ ኤስኤስኤች አስፈሪ ማስጠንቀቂያ አወጣ።* ኮምፒውተራችሁ የድሮውን ሰርቨር መለያ ያስታውሳል። ኤስኤስኤች-ኪጄን፣ ሰረዝ ትልቁ አር፣ ከዚያ አድራሻውን ብትጽፉ የድሮው ይሰረዛል። ራሳችሁ እንደገና ሳትጭኑ ይህ ማስጠንቀቂያ ከመጣ ግን የይለፍ ቃል አታስገቡ፤ መጀመሪያ በዚያ አድራሻ የሚመልሰው የእናንተ ማሽን መሆኑን አጣሩ።